አሥራ ሁለት ሺህ ብር የቆጠብኩበት ፋሲካ

አሥራ ሁለት ሺህ ብር ለመቆጠብ ሠላሳ ስምንት ሺህ አምስት መቶ ብር ከሰርኩ። ይህ ሱቁን ሳይጨምር ነው። የሱቁን ዋጋ እስካሁን መተመን አልቻልኩም፤ በሀዋሳ ፒያሳ ባለፍኩ ቁጥር በራፉ ላይ የቆመውን ገዢ አይና ግምቴን ከፍ አደርገዋለሁ።

የምነግደው የቤት ዕቃ ነው፤ ሳፋ፣ ጆግ፣ ብርጭቆ፣ ፔርሙዝ፣ ማንኪያ። ሰው ቤት ውስጥ የሚሰበር፣ የሚጠፋ፣ ጎረቤት ተውሶ የማይመልሰው ነገር ሁሉ እኔ ዘንድ ይገኛል። ገበያ ውስጥ ያለችኝ የቆርቆሮ ሱቅ ታፈሳለች። ዝናብ ሲመጣ ሳፋዎቼን ከደንበኛ በፊት የምጠቀምባቸው እኔ ነኝ።

ከማፍሰሷ ይልቅ ያንገፈገፈኝ ግን የገበያው ሰው ነው። ገበያ የመጣ ገዢ ሳፋውን በጥፍሩ ይመታዋል፣ ወደ ፀሐይ ያነሳዋል፣ ያሸተዋል፣ መንገደኛ ጠርቶ ያማክራል፤ ከዚያ የጠራህለትን ግማሽ ይሰጥህና ስትከለክለው እንደተሰደበ ሰው ይሄዳል። ፒያሳ ሌላ ነው። እዚያ ሰው ከቢሮ ወጥቶ፣ ማኪያቶውን ጠጥቶ፣ ወደ ቤቱ ሲሄድ ጎራ ይላል። «ስንት ነው?» ይላል። ትነግረዋለህ። ይከፍላል። እንዲህ ዓይነት ሕዝብ እያለ ለምን ከሳፋ መቺ ጋር አረጃለሁ ብዬ ዓመታት ሳስብ ኖሬያለሁ።

በዚያ ዓመት በጾሙ አጋማሽ ላይ ፒያሳ አንድ ሱቅ ተለቀቀ። በጭማቂ ቤትና በመድኃኒት ቤት መሃል የተሰነቀረ ነው፤ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ለእኔ ደጅ የሚያስቆም ሱቅ ማግኘት ሹመት ነው። አከራይዋ ባላቸው የሞተባቸው፣ በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው። በወር አሥራ አምስት ሺህ፣ የስድስት ወር በቅድሚያ፣ በጠቅላላው ዘጠና ሺህ ብር አሉኝ።

«ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ፣ እትዬ» አልኳቸው።

«የፋሲካ ማክሰኞ ይዘህ ና። እስከዚያ ለማንም አልሰጥም።»

ባንክ ያለኝ ሰባ ስምንት ሺህ ነበር። የጎደለኝ አሥራ ሁለት ሺህ ብቻ። የበዓሉ ሽያጭስ የሚለኝ አይጠፋም። የበዓሉን ሽያጭ ለአዲሱ ሱቅ ዕቃ መሙያ መድቤዋለሁ፤ ባዶ ቤት ተከራይቼ ለሰው ግድግዳ አልሸጥም። ስለዚህ የጎደለው ከሌላ ቦታ መምጣት ነበረበት።

እኔ ቤት ደግሞ ለፋሲካ ቅርጫ ብለን ያስቀመጥነው አሥራ ሁለት ሺህ ብር ነበር። የጎደለኝና የተቀመጠው እንዲህ ልክ ለልክ ሲገጥሙ ሳይ፣ እግዚአብሔር ራሱ ሒሳቡን የሠራልኝ መሰለኝ። ሌላ ጊዜ ሒሳብ እንዲህ አለችግር ሲገጥምልኝ ደግሜ እደምረዋለሁ። ያን ቀን አልደመርኩም።

ታቦር፣ እኛ ሰፈር፣ አሥር ቤት ሆነን በየዓመቱ አንድ በሬ እንጥላለን። ገሚሱ ኦርቶዶክስ ነው፣ ገሚሱ እንደኔ ጴንጤ። እኛ አንዲት ቀን ሳንጾም ሥጋው ላይ ከጿሚው እኩል ስለምንቀመጥ፣ የቅርጫው ዳኛ ጋሼ በየዓመቱ «እናንተ ደግሞ የምኑን ጾም ልትፈቱ ነው?» ይሉናል፤ በየዓመቱም እንስቃለን። ጋሼ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሹፌር ናቸው። በሬውን የሚመርጡት፣ ብሩን የሚሰበስቡት፣ ሥጋው የኮባ ቅጠል ላይ በመደብ በመደብ ሲደረደር ዕጣ የሚጥሉት እሳቸው ናቸው። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ሰው መደቡ አነሰኝ ብሎ አያውቅም፤ ብሎም ከሆነ ለሚስቱ ነው።

መጀመሪያ ለራሴ ሚስት ነገርኳት።

«ዘንድሮ ቅርጫ አንገባም።»

«ምን ልንበላ?»

«አሳ።»

«ለፋሲካ?»

«ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ አሳ መብላት ምን ነውር አለው?»

«ግማሹ ከተማ ጾሙን የከረመው በአሳ ነው። ሰው ከአሳ ሊገላገል ሲል አንተ ልትጀምር ነው?»

«እሺ፣ ዶሮ ይሁን።»

«ዶሮውስ ይሁን። ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ሱቅ አይከራይልኝም።»

«አይከራይልህም። ማስከልከል ግን ይችላል» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ሚስቴ አንድ ቀን እንኳ ነግዳ አታውቅም። ይህን አነጋገሯን ዛሬም ድረስ እንዳታነሳብኝ እለምናታለሁ።

ጋሼ ብሩን ሊሰበስቡ የመጡት በማግስቱ ነው። ኮፍያቸውን እንዳደረጉ በሩ ላይ ቆሙ፤ በሬው እንደታየ፣ ቀይ እንደሆነ፣ ሻኛው ትራስ እንደሚያህል ነገሩኝ።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ እኔን ይለፉኝ» አልኳቸው።

«ታመህ ነው?»

«ኧረ ደህና ነኝ።»

«ባለቤትህ?»

«ደህና ናት።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም። ገበያው ቀዝቅዟል።»

ነጋዴ ገበያ ቀዝቅዟል ሲል ሰላምታ ነው። ገበያ ውስጥ ሃያ ዓመት ቆሜያለሁ፤ ገበያው ሞቋል ያለኝ ነጋዴ አላጋጠመኝም። ግብር አስከፋዩ፣ ለማኙ፣ ዘመዱ፣ ሁሉም ጆሮ ላይ እንዲደርስ ብለን የምንላት ነገር ናት፤ የሚያምናትም የለም። ያላስተዋልኩት አንድ ነገር ነበር። ቅርጫ ውስጥ ያለ ነጋዴ ሲላት ሰላምታ ናት። ከቅርጫ የወጣ ሲላት መርዶ ናት።

እውነቱን ለምን አልነገርካቸውም የሚል ካለ፣ ሱቅ እንደ እርግዝና ነው፤ ሳይገፋ አይወራም። ገበያ ውስጥ አንድ ጫማ ሻጭ ሻይ እየጠጣ ስላገኘው ሱቅ ሲያወራ፣ ከጎኑ የተቀመጠው ሰውዬ ሻዩን እንኳ ሳይጨርስ ተነስቶ ሄዶ ቀብድ ከፍሎበታል። እኔ እንዲህ ዓይነት ሞኝ አይደለሁም። የእኔ ሞኝነት ሌላ ዓይነት ነው።

ጋሼ ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«እግዚአብሔር ይመልሰዋል» አሉኝ።

«ምኑን ጋሼ?»

«የሄደውን።»

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። መዝሙሩ አልቆ የጸሎት ርዕስ ሲቀርብ፣ መሪው የታመሙትን ጠራ፣ መንገድ ላይ ያሉትን ጠራ፣ ከዚያ «ንግዱ ለተናወጠበት አንድ ወንድማችን እንጸልይ» አለ። ስም አልጠራም። መጥራትም አላስፈለገውም፤ ጉባኤው ዐይኑን ጨፍኖ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። እኔም አብሬ ጸለይኩ። ምስኪኑ ማን ይሆን ብዬ ከልቤ ነበር የጸለይኩት፤ ሚስቴ ክንዴን እስክትቆነጥጠኝ ድረስ። ስንወጣ አንዲት እናት ሚስቴን ሁለት መቶ ብር አስጨብጠዋት አለፉ። ሚስቴ ተመልሳ የመባ ሣጥን ውስጥ ከተተችው።

እኔ ግን ሳቅሁ። ወሬ አያከስርም ብዬ ነበር። ወሬ የሚበላው ሥጋ እንጂ ብር አይደለም ብዬ ነበር። ሱቁ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ሁሉንም ፒያሳ ጠርቼ ቡና አጠጣቸዋለሁ፣ ያኔ ያፍራሉ እያልኩ እራሴን አጽናናሁ።

ፋሲካ ሲቃረብ ዕቃ የምወስደው ከአንድ ጅምላ ሻጭ ነው። ሐጂ እንላቸዋለን። ዕቃ በቃል ይሰጡኛል፤ ሸጬ ከበዓል በኋላ እከፍላለሁ። ፊርማ የለም፣ ምስክር የለም። ከስንት ዓመት ጀምሮ አንድም ቀን አላጓደልኩባቸውም። መጋዘናቸው ስደርስ ወንበር አቀረቡልኝ፣ ሻይ አዘዙልኝ። ነጋዴ ሻይ ሲያዝልህ ጉዳይ አለው።

«ልጄ፣ የባለፈው ሃያ አራት ሺህ አለ አይደል?» አሉኝ።

«አለ ሐጂ። እንደ ወትሮው ከፋሲካ በኋላ ነው።»

«እንደ ወትሮው ቢሆን ደግ ነበር። አሁን እኔንም ከአዲስ አበባ የሚጠይቁኝ አሉ።»

«የበዓሉን ዕቃስ?»

«እሱን እጅ በእጅ ብናደርገው ለአንተም ይሻልሃል። ለተቸገረ ሰው ዕዳ ላይ ዕዳ መጫን ደግ አይደለም።»

«ማነው የተቸገረው?»

ሐጂ ማንኪያውን አንስተው ሻዬን አማሰሉልኝ። «አላህ ያግራልህ» አሉ።

ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ ነበረኝ። የለኝም ብል፣ ተናወጠ የተባለው እውነት ይሆናል። ብከፍል፣ የሱቁ ብር ይነካል። ወንድነት ያዘኝና ባንክ ሄጄ አውጥቼ፣ ተመልሼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ኩራቴን አይተው ያፍራሉ ብዬ ነበር። ሐጂ ብሩን ቆጠሩ፤ አዩኝ፤ ዐይናቸው እንባ ሊያቀርር ምንም አልቀረው። የመጨረሻውን ከፈለኝ ብለው እንዳሰቡ ገባኝ። ዕቃውን ግን በቃል አልሰጡኝም። ባንክ የቀረውን ደግሜ ላለመንካት በኪሴ ባለው የዕለት ሽያጭ ጥቂት ሳፋና ብርጭቆ ገዝቼ ወጣሁ፤ የወትሮውን እኩሌታ አይሞላም።

ዕቃውን የጫነልኝ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ነው፤ ከአሥሩ የቅርጫ አባላት አንዱ።

«ሐጂ ምን አሉህ፣ ወንድሜ?» አለኝ ገና ሞተሩን ሲያስነሳ።

«ምን ይላሉ?»

«አይ፣ ያዝኑልሃል ብዬ ነው። እኔ ነኝ የነገርኳቸው።»

«ምን ብለህ?»

«ቅርጫ እንኳ መግባት አቅቶታል፣ ትንሽ ይታገሱት ብዬ።»

«አመሰግናለሁ።»

«ምን ችግር አለው! ጎረቤት ለመቼ ነው?» አለና ለበጎ ሥራው ሒሳቡን ቀነሰልኝ። ይህችን ቅናሽ ከዚህ ሁሉ ነገር ያገኘኋት ብቸኛዋ ትርፍ አድርጌ ይዣታለሁ።

የዚያኑ ዕለት ማታ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ነገሩን በአንድ ጊዜ መዝጋት ፈለግሁ፤ ቅርጫው ውስጥ ከገባሁ ወሬው ይሞታል፤ ወሬው ከሞተ ሐጂ ይመለሳሉ።

«ጋሼ፣ መልሱኝ። ይኸው አሥራ ሁለት ሺህ።»

«ቦታህ ተሞላ እኮ ልጄ። ከታች ያለው መምህር ገባ። በሬውም ተገዝቶ ግቢ ታስሯል።»

«አሥራ አንደኛ አድርጉኝ።»

«መደቡ ይቀጥናል፤ ሰው ያኮርፋል። ደግሞስ ልጄ…» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይህን ብር ከየት አመጣኸው?»

«የራሴ ነው።»

«ሥጋ ተበድረው አይበሉም። እኔ አባትህ ነኝ፣ ስማኝ። ይህን ይዘህ ዱቄትና ዘይት ግዛ።» ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «አይዞህ። አንረሳህም።»

እንደዚያች «አንረሳህም» ያስፈራኝ ዛቻ ሰምቼ አላውቅም።

የበዓሉ ሰሞን እንደዚህ አለፈ። ገበያው ሰው በሰው ሆኖ ሳለ የእኔ መደርደሪያ ጥርሱ እንደረገፈ ሽማግሌ አፉን ከፍቶ ቆመ። «ፔርሙዝ አለህ?» «አልቋል።» «የወይን ብርጭቆ?» «አልቋል።» ደንበኞቼ ሲሰሙ የከረሙትን በዐይናቸው አዩ፤ አንዷማ «እውነትም» ብላ ወጣች። ምኑ ነው እውነት ብዬ ልጠይቃት ፈልጌ ተውኩት። በደህናው ዓመት የፋሲካ ሰሞን አርባ ሺህ አተርፋለሁ። ዘንድሮ አሥራ ስምንት ሺህ ሆነ።

ቅዳሜ ጠዋት ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። በግ ተራ ወረድኩና በአሥራ አራት ሺህ አምስት መቶ ብር አንድ ሙክት ገዛሁ። ከቅርጫው በሁለት ሺህ አምስት መቶ ይበልጣል። ይህን አውቄያለሁ፤ የገዛሁት ለሥጋው አልነበረም። ሌላ ጊዜ በግ ስገዛ በባጃጅ ነው የማመጣው። ያን ቀን ግን ሰው ሁሉ እንዲያየው ብዬ፣ ከገበያው እስከ ታቦር፣ ያውም በረጅሙ መንገድ፣ በገመድ እየሳብኩ በእግሬ ወጣሁ። በጉ በየመዞሪያው ይቆማል፤ እኔም ከሰው ጋር ሰላም እላለሁ። ቤቴ ልደርስ ስል ከአንድ አጥር ጀርባ ሁለት ሴቶች ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ውይ፣ ለባጃጅ እንኳ አጥቶ።»

«በጉንስ ከየት አምጥቶ ይሆን?»

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ጋሼና ባጃጅ ነጂው በሩን አንኳኩ። አንድ ሳፋ ይዘዋል፣ በኮባ ቅጠል የተሸፈነ። ሳፋውን አውቀዋለሁ፤ እኔ ነኝ የሸጥኩት።

«እንኳን አደረሰህ ልጄ» አሉ ጋሼ። «ከየመደባችን ትንሽ ትንሽ ቆርሰን ነው።»

ቅጠሉን ገለጥ አደረጉት። ጉበት አለ፣ ጎድን አለ፣ ምላስ ሳይቀር አለ። አልመዘንኩትም፤ ግን በእጁ ሥጋ የሚመዝን ሰው ነኝ፤ ከአንድ መደብ ይበልጣል እንጂ አያንስም። በዚህ መሃል በጉ ከጓሮ ጮኸ።

ጋሼ ቀና አሉ። «ይሄ ምንድነው?»

«በግ ነው።»

«የማን?»

«የእኔ።»

ባጃጅ ነጂው አንገቱን አስግጎ አየውና፣ «ትናንት ስትጎትተው የነበረው ነው? በግም በዱቤ መስጠት ጀመሩ እንዴ?» አለ።

«በጥሬ ብር ነው የገዛሁት!»

ጮኼ ነው የተናገርኩት። ጋሼ በዓሉን እንዳላበላሽ ብለው እጃቸውን ደረቴ ላይ አደረጉ። «ይሁን ልጄ፣ ይሁን። ግን ማንን ልታሳምን ነው? እኛ እኮ ጎረቤቶችህ ነን፤ ከእኛ አትደበቅ።» ከዚያ ልጆቼን ስመው፣ ሥጋውን ትተው ወጡ። ሳፋውንም ተዉልኝ፤ «ለዕቃህ ይሆንሃል» ብለው። የሸጥኩትን ዕቃ በምጽዋት የተቀበልኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሚስቴ በሩን ዘግታ ተደግፋው ቆመች። ታለቅሳለች ብዬ ፈራሁ። ትስቅ ነበር፤ ሳቋ ግን ከልቅሶ ይብሳል።

«ቆጠብን አይደል?» አለችኝ። «ሁለት እጥፍ ሥጋ፣ ያውም በነፃ።»

በዚያ ሙቀት ያ ሁሉ ሥጋ ምን ይሆናል? ገሚሱን ቋንጣ አደረግነው። በጉንም አርደን አብዛኛውን ለጎረቤት አከፋፈልን፤ ጎረቤትም ተቀብሎ፣ ከደግነቱ የተነሳ፣ ለልጆቹ ይሁን እያለ ገሚሱን መለሰልን።

ሰኞ ተቀምጬ ቆጠርኩ። የበዓሉን ትርፍ ጨምሮ ስልሳ ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ ብር አለኝ። ሱቁ ዘጠና ነው። ነገ ማክሰኞ ነው። ከዚህ በኋላ ወሬው፣ ሥጋው፣ ጎረቤቱ፣ ምኑም አልታየኝም፤ ሱቁ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ሱቁ ከተገኘ የጠፋው ሁሉ በሦስት ወር ይመለሳል።

ገበያ ውስጥ ዕቁብ አለን፤ በየሳምንቱ አንድ አንድ ሺህ እንጥላለን፣ የደረሰው ሃያ ሺህ ይወስዳል። ያን ሰሞን በበዓሉ ምክንያት ሰኞ ወጣና ለአንዲት ቅመም ሻጭ ደረሳት። የእኔን ተራ ሰጥቼ፣ ሁለት ሺህ ብር ጨምሬላት ዕጣዋን ገዛሁ። ይህ የተለመደ ነው፤ የቸኮለ ይገዛል፣ ያልቸኮለ ይሸጣል። ሰማንያ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ደረስኩ። የቀረውን ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሚስቴ ለመስቀል ቅቤ ብላ ከምታጠራቅመው አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ከዚያ ሁሉ ነገር የከበደኝ እሱ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ዘጠና ሺህ ብሩን በካኪ ፖስታ ይዤ፣ ሸሚዝ ቀይሬ ፒያሳ ወረድኩ። አከራይዋ ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢያቸው ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ እንኳን አደረሰዎ። ይኸው፣ በቃሌ መጣሁ።»

ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አደረግሁት። አልነኩትም።

«ተቀመጥ ልጄ። ይህን ሁሉ ከየት አገኘኸው?»

«ከንግዴ።»

«ትናንት ዕቁብ ገዝተሃል አሉኝ።»

ሰኞ ከሰዓት ገበያ ውስጥ የሆነ ነገር ማክሰኞ ጠዋት ፒያሳ ቁርስ ሆኖ ይቀርባል። ሀዋሳ ከተማ ሆነች ይላሉ። ፎቁ ነው ከተማ የሆነው።

«ቸኩዬ ነው እትዬ። እርስዎ እንዳይጠብቁኝ ብዬ።»

«ስለ አንተ ጠይቄያለሁ። ቤቴን ሳልጠይቅ አልሰጥም። ሐጂን ጠየቅኳቸው። ጨዋ ልጅ ነው፣ የሰው ገንዘብ አይበላም፣ አሁን ግን ተቸግሯል፣ አላህ ይርዳው አሉኝ።»

«አልተቸገርኩም! ገንዘቡ እኮ ይኸው፤ ይቁጠሩት።»

«ገንዘቡንማ አየሁት። ያላየሁት ከስድስት ወር በኋላ ያለውን ነው።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ከአንተ በፊት የነበረው ሰውዬ በብድር ከፍሎኝ ገባ። በአራተኛው ወር አበዳሪዎቹ መጥተው በሱቁ በር ላይ የራሳቸውን ቁልፍ ቆለፉበት። በገዛ ቤቴ በር ላይ የሰው ቁልፍ ሰቅዬ፣ ፍርድ ቤት ስመላለስ ዓመቴን ጨረስኩ። አሮጊት ነኝ። ያንን አልደግመውም።»

ያኔ የማልናገረውን ተናገርኩ።

«እትዬ፣ እኔ ቅርጫውን የተውኩት ለእርስዎ ለመክፈል ብዬ ነው። ሌላ ምንም የለም። ይህ ሁሉ ወሬ ከዚያ የመጣ ነው።»

ትንሽ አሰቡ። ሲያስቡ፣ ያመኑኝ መስሎኝ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተንጠለጠልኩ።

«ታዲያ ያንኑ ለምን አልነገርካቸውም?»

«ሱቁን ሰው እንዳይቀድመኝ ብዬ።»

ሁለታችንም ፖስታውን አየን።

«ትናንት ማታ ለስልክ ጠጋኝ ቃል ሰጥቻለሁ» አሉኝ። «ቀድመህ ብትነግረኝ ኖሮ ጥሩ ነበር ልጄ።» ልነሳ ስል ያዙኝ። «አይሆንም! በፋሲካ ከቤቴ ሳትቀምስ አትወጣም።» ሰሐን ቀረበ። ሥጋ ነበር። በላሁ። ባልበላ ያኮረፍኩ ይመስላቸው ነበር፤ ሲያዩኝ ደግሞ ርቦት ነበር እንዳሉ አልጠራጠርም።

ወደ ታቦር ስመለስ ባጃጅ አልያዝኩም። የሚያየኝ ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ይበል አልኩ። በመንገዴ ላይ የምቆጣበት ሰው ፈለግሁ። ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁልኝ። ባጃጅ ነጂው ለመነልኝ። ሐጂ ጨዋ ነው አሉልኝ። ጉባኤው ጸለየልኝ። አንድ ሰው ክፉ ተናግሮኝ ቢሆን ከሱ ጋር ተጣልቼ ይወጣልኝ ነበር። አልተገኘም። በዚህ ከተማ ሰው በክፋት ቢያጠፋህ ትከሰዋለህ፤ በርኅራኄ ሲያጠፋህ ግን እግዜር ይስጥልኝ ብለህ ነው የምታልፈው።

ቤት ገብቼ ሒሳቡን ሠራሁ። በጉ አሥራ አራት ሺህ አምስት መቶ፣ ለዕቁቡ የጨመርኩት ሁለት ሺህ፣ ዕቃ አጥቼ ያመለጠኝ ትርፍ ሃያ ሁለት ሺህ። ቅርጫዬን ከፍዬ አርፌ ተቀምጬ ቢሆን፣ የሐጂን ዕዳ እንኳ ከፍዬ፣ ማክሰኞ ጠዋት በእጄ ዘጠና አራት ሺህ ብር ይኖር ነበር። ሱቁ ዘጠና ነበር። ዕቃውን ሐጂ በቃል ይሰጡኝ ነበር።

የሚስቴን ሁለት ሺህ አምስት መቶ መለስኩላት። ሰማንያ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ቀረ። ከዚህ ላይ ለዕቁቡ ገና የምጥለው አሥራ አንድ ሺህ አለ። የራሴ የምለው ሰባ ስድስት ሺህ አምስት መቶ ብር ነው፤ ከመቆጠቤ በፊት ባንክ ብቻ ሰባ ስምንት ሺህ ነበረኝ።